የቤት ውሃ ኃይል ሲያጣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ውሃው አለ፤ ጉልበት ግን የለውም። ሻወሩ ይንጠባጠባል፣ ባልዲው አልሞላ ይላል፣ ወጥ ቤት ያለው ሲከፍት መታጠቢያ ቤት ያለው ይጮኻል። ሳሙና ተቀብቶ ቆሞ መጠበቅን የሚያውቅ ሰው ይህን ገጽ ለምን እንደጻፍኩ አይጠይቀኝም።

ሙያዬ ቧንቧ ሥራ አይደለም። ግን በደካማ ውሃ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፣ ብዙም ተሳስቻለሁ። ከዚያ የተረፈኝን ነው የምነግራችሁ።

ስለ አጠራር አንዲት ነገር ላስቀድም። ሁሉንም “ቧንቧ” ማለት ለምደናል። እዚህ ግን “ቧንቧ” ስል የምንከፍተውንና የምንዘጋውን ነው። በግድግዳና በመሬት ውስጥ የሚሄደውን “መስመር” እለዋለሁ።

ከየት ልጀምር?

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ቤቱን ዞራችሁ ሁሉንም ቧንቧ ክፈቱና እዩ። የደከመው አንዱ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? ቀዝቃዛው ነው፣ ሙቁ ነው ወይስ ሁለቱም? ቀኑን ሙሉ ነው ወይስ ጠዋትና ማታ ብቻ? ድንገት ነው የመጣው ወይስ ቀስ በቀስ?

እነዚህ ጥያቄዎች የሥራውን ግማሽ ይጨርሳሉ። አንድ ቧንቧ ብቻ ከደከመ ችግሩ እዚያው አፉ ላይ ወይም ከሥሩ ነው። ሙቅ ውሃ ብቻ ከሆነ ማሞቂያውን ጠርጥሩ። ቤቱ በሙሉ ከሆነ መስመሩ ወደየክፍሉ ሳይከፋፈል በፊት ያለ ነገር ነው፦ ዋናው ቫልቭ፣ ማጣሪያው፣ ወይም ከውጭ የሚመጣው ውሃ ራሱ። ሰው ሁሉ በሚታጠብበት ሰዓት ብቻ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ አንድ መስመር እየተሻማ ነው።

ድንገት የመጣ ድካም ብዙ ጊዜ የሰው እጅ አለበት። ቫልቭ ዘግቶ አጋምሶ የከፈተ፣ መስመር ሲጠግን አፈር ያስገባ፣ ሲቆፍር የሆነ ቦታ የበሳ። ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነ ግን ዝገት፣ ኖራ (ውሃው የሚተወው ነጭ ቅርፊት) ወይም የሞላ ማጣሪያ ነው።

ጎረቤትም ጠይቁ። እነሱም ቤት ከደከመ መፍቻውን ወደ ቦታው መልሱት። ለውሃ አቅራቢው መደወል ይሻላል።

“ግፊት የለም” እና “ውሃው ትንሽ ነው” አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። እኔን ብዙ ያስከፈለኝ ይህን አለማወቄ ነው።

ግፊት ውሃውን ከኋላ የሚገፋው ኃይል ነው። ከቧንቧው የሚወጣው መጠን ደግሞ ያ ኃይል በመንገዱ ሊያሳልፈው የቻለው ነው። ኃይሉ ሙሉ ሆኖ መንገዱ ከጠበበ፣ የምታዩት ያው የደከመ ውሃ ነው። ላይ ላዩን መንታ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

የሚለያቸው ቀላል ፈተና አለ። የግፊት መለኪያ፣ ያቺ ሰዓት የምትመስል ክብ ነገር፣ ግቢ ካለው ቧንቧ አፍ ላይ ትታሰራለች። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘግታችሁ አንብቡ። ቀጥላችሁ ሌላ አንድ ሁለት ቧንቧ ክፈቱና መርፌዋን እዩ። ሁሉ ተዘግቶ 3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ያለችው መለኪያ ሌላ ቧንቧ ሲከፈት ወደ ግማሽ ባር ከወረደች ኃይሉ አለ፤ መንገዱ ነው የታነቀው። ሁሉ ተዘግቶም 1 ባር የማትሞላ ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ ኃይል አልመጣም።

መለኪያ ባይኖርም ምልክት አለው። ቧንቧውን ስትከፍቱ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ጠንከር ያለ ውሃ ወጥቶ ወዲያው ከደከመ፣ መንገዱ ጠቧል ማለት ነው። ከከፈታችሁበት ቅጽበት ጀምሮ ደካማ ከሆነ ደግሞ ኃይሉ ራሱ ያንሳል።

ለግንዛቤ ያህል፣ ለመኖሪያ ቤት ከ2 እስከ 4 ባር ያለ ግፊት ምቹ ነው። መለኪያችሁ በፒ ኤስ አይ፣ በሌላው የግፊት አሃድ፣ የምታነብ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒ ኤስ አይ ነው።

መለኪያ መግዛት አልፈልግም። በምን ልለካ?

በባልዲና በስልክ ሰዓት። 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከቧንቧው ሥር አድርጋችሁ ሙሉ በሙሉ ክፈቱና ሰዓት ያዙ። በ60 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር ነው። በ2 ደቂቃ ከሞላ 5 ሊትር። ለወጥ ቤት ቧንቧ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ይበቃል። ሻወር ከ8 እስከ 10 ሊትር ቢያገኝ ሰው ደስ ብሎት ይወጣል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ቁጥሩ ሳይሆን ማወዳደሩ ነው። መጀመሪያ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ቧንቧ ለኩ። ከዚያ እየራቃችሁ ሂዱና በወረቀት ጻፉት። ግቢው 14፣ ወጥ ቤቱ 12፣ መታጠቢያው 4 ካለ ጥፋተኛው በወጥ ቤትና በመታጠቢያ ቤት መካከል ተደብቋል። ወረቀቱን አትጣሉት። ከወራት በኋላ ውሃው ሲደክም “ድሮ ስንት ነበር?” ለሚለው መልስ ይኖራችኋል።

አንድ ቧንቧ ብቻ ነው የደከመው። ምን ላድርግ?

ደስ ይበላችሁ፤ ቀላሉ ይሄ ነው።

የቧንቧው አፍ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች። ውሃውን ከአየር ጋር ቀላቅላ ለስለስ አድርጋ የምታወጣው እሷ ናት። አሸዋውም፣ የዝገቱ ቁርጥራጭም፣ ነጩ ኖራም እዚያ ይሰበሰባል። በእጅ ትፈታለች። እምቢ ካለች ጨርቅ ጠቅልላችሁባት በፒንሳ፤ ጨርቁ ኒኬሉ እንዳይጫር ነው። ከመፍታታችሁ በፊት የሲንኩን ቀዳዳ ድፈኑት። ወንፊቷ ከጎማዋ ጋር ወደ ፍሳሽ ስትገባ ቆማችሁ አታዩም። የጎማዋንና የወንፊቶቹን አቀማመጥ ደግሞ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ሲመለስ ተገልብጦ የሚገባ ብዙ ነው።

አሸዋ ከሆነ ውሃና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል። ነጭ ቅርፊት ከሆነ አቼቶ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። የጠና ከሆነ ሌሊቱን ይደር። መልሳችሁ ከመግጠማችሁ በፊት ግን ያለ ወንፊት ቧንቧውን ለጥቂት ሰከንድ ክፈቱት። በደንብ ከፈሰሰ ጥፋቱ የወንፊቷ ነበር። ያለ ወንፊትም ደካማ ከሆነ ወደ ታች ውረዱ።

ከሲንኩ ሥር ለቀዝቃዛና ለሙቅ አንዳንድ ትናንሽ ቫልቮች ከግድግዳው ወጥተው ታገኛላችሁ። ሙሉ በሙሉ መከፈታቸውን አረጋግጡ። ዕቃ ሲገባና ሲወጣ እየተነካኩ ይዘጋሉ። ከእነሱ ወደ ላይ የሚሄደው ፍሌክሲብል ታጥፎ ወይም ተጠማዝዞ እንደሆነ እዩ። ፍሌክሲብል ከላይ ሽቦ፣ ከውስጥ ጎማ ነው። ሲያረጅ ውስጡ ያለው ጎማ ይኮማተርና መንገዱን ይዘጋል። ከውጭ ምንም አይታይም። ቫልቩን ዘግታችሁ ፍሌክሲብሉን ከላይ ፈትታችሁ ወደ ባልዲ ክፈቱት። ወደ ባልዲው በኃይል ከፈሰሰ የቀረው የቧንቧው ሆድ፣ ማለትም ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ካርትሪጁ ነው።

አንዴ የወጥ ቤቴ ቧንቧ ደከመብኝ። ወንፊቷን አጠብኩ፤ ምንም። ካርትሪጅ ለወጥኩ፤ ምንም። በመጨረሻ ፍሌክሲብሉን ስፈታ ከጫፉ የተጠቀለለች ነጭ ቴፍሎን፣ መጋጠሚያ እንዳያፈስ የምትጠመጠመው ስስ ቴፕ፣ ወጣች። የጠቀለልኳት ራሴ ነበርኩ፣ ከወራት በፊት። ቴፍሎን ሲጠመጠም ከጥርሱ ጫፍ አልፎ ወደ ውስጥ እንዳይንጠለጠል የምለው ለዚህ ነው።

ሻወሩስ?

የሻወሩን ራስ ፍቱትና ውሃውን ያለ እሱ ክፈቱት። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ከሆነ የተደፈነው የሻወሩ ራስ ነው። መፍታት ካልፈለጋችሁ አቼቶ በፌስታል አድርጋችሁ ቀዳዳዎቹ እንዲሰጥሙ በላስቲክ እሰሩበትና ተዉት። ኒኬል ወይም ወርቅማ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አቼቶው ቀለሙንም ይበላል።

የእጅ ሻወር ከሆነ ቱቦውንም ጠርጥሩ። በሚክሰሩ (ሙቅና ቀዝቃዛውን በሚቀላቅለው ቧንቧ) እና በቱቦው መጋጠሚያ ላይ ያለችው ጎማ ስታረጅ ትበጠስና ቀዳዳውን ትከድናለች።

አንዳንዶቹ ሻወሮች ውሃ ለመቆጠብ ሆን ተብላ የተቀመጠች፣ ቀዳዳዋ የጠበበ ፕላስቲክ አለቻቸው። አውጥቶ መጣል ይቻላል። ግፊቱ በቂ በሆነበት ቤት ግን አላደርገውም። ውሃውም ሙቀቱም በከንቱ ይፈሳል። ከጣሪያ ታንከር ለሚጠቀም ግን አውጡት እላለሁ።

ቀዝቃዛው ደህና ነው፤ ሙቁ ብቻ ነው የደከመው።

ማሞቂያው ወይም ቦይለሩ ነው። መጀመሪያ ወደ ቦይለሩ የሚገባው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል ወይ? ቀጥሎ የመግቢያና የመውጫ ፍሌክሲብሎቹ።

ውሃ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ካልሲየም እየለቀቀ ነጭ ኖራ ይሆናል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ይፈጥናል። ኖራው ከቦይለሩ ሥር ይጠራቀማል፤ መውጫውንና ሙቅ መስመሩንም ያጠባል። ቦይለሩ ሲሞቅ እንደ ማሰሮ የሚንተከተክ ድምፅ ካሰማ ሥሩ ላይ ደለል አለ።

በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ትንሽ ቫልቭ ትገኛለች፤ ብዙ ጊዜ አጭር እጀታ አላት። ሁለት ሥራ አላት። ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትይዛለች፤ ግፊቱ ሲበዛም ታፈሳለች። እሷም በኖራ ትታነቃለች። መለወጥ ይቻላል። አውጥቶ ያለ እሷ መግጠም ግን በፍጹም። የቦይለር ፍንዳታ ተረት አይደለም።

ቦይለሩን ለማጠብ ውሃውን ከማስወጣታችሁ በፊት መብራቱን ከመብራት ቆጣሪው ሳጥን ካለው ማብሪያ አጥፉት። ሶኬት መንቀል ብቻ አያስተማምንም፤ አንዳንዱ ቦይለር በቀጥታ ነው የሚገናኘው። ባዶ ቦይለር ውስጥ የሚበራ ማሞቂያ በደቂቃዎች ይቃጠላል። ውሃው ቀዝቅዞ፣ ከዚያ ነው የሚፈሰው። መብራቱ የሚመለሰውም ቦይለሩ ሞልቶ ከሙቁ ቧንቧ ውሃ ሳይቆራረጥ መውረድ ሲጀምር ነው።

ቤቱ በሙሉ ደክሟል። የት ልፈልግ?

ከቆጣሪው ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ግቡ።

ዋናው ቫልቭ ይቅደም። ሁለት ዓይነት አለ። በአጭር እጀታ ሩብ ዙር ዞሮ የሚከፈተው ቀላል ነው። እጀታው በመስመሩ አቅጣጫ ከተዘረጋ ክፍት፣ ከተሻገረ ዝግ። ሌላው እንደ መሪ ክብ ሆኖ ብዙ ዙር የሚዞረው ነው። ይሄኛው ያታልላል። ውስጡ እንደ መዝጊያ የሚወርድ ብረት አለ። ሲያረጅ ብረቱ ከዘንጉ ይላቀቅና ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። እጀታው ይዞራል፣ “ከፍቻለሁ” ትላላችሁ፣ ብረቱ ግን አልተነሳም። ቤቱ የደከመው አንድ ሰው ቫልቩን ዘግቶ ከከፈተ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ ይህን አስቡ። መለወጥ እንጂ መጠገን አያዋጣም። ስትለውጡት ባለ ሩብ ዙሩን ግጠሙ።

ማጣሪያ ካላችሁ ቀጥሎ እሱ ነው። ባለ 5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የክር ማጣሪያ ውሃው ድፍርስ በሆነበት ቦታ በሳምንታት ይሞላል። ካርትሪጁን፣ ማለትም ውስጡ ያለውን የክር ጥቅል፣ አውጥታችሁ ባዶውን የማጣሪያ ቤት መልሳችሁ ግጠሙና ውሃውን ሞክሩ። ኃይሉ ከተመለሰ ነገሩ አለቀ። ለቤቱ በሙሉ ትንሽ ማጣሪያ የገጠመ ሰው ደግሞ አዲስ ካርትሪጅ ቢያስገባም ይቸገራል፤ ማጣሪያው ራሱ ለቤቱ ያንሳል።

አንዳንድ ቤት ከቆጣሪው በኋላ ደወል የመሰለ የነሐስ ግፊት መቀነሻ አለ። ይህ ሲበላሽ ግፊቱ ድንገት ይወርዳል፣ ወይም ተቃራኒውን ያደርጋል። ላይ ያለችው ብሎን በሰዓት አቅጣጫ ስትዞር ግፊት ትጨምራለች። ሩብ ዙር እያደረጋችሁ፣ መለኪያ እያያችሁ ነው። ያለ መለኪያ ባትነኩት ይሻላል።

ቆጣሪውን ራሱን አትፍቱ። የአቅራቢው ንብረት ነው፤ ማሸጊያው ከተቆረጠ ጣጣው ብዙ ነው። ቆጣሪው ታንቋል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እነሱ መጥተው ይዩት።

ታንከሩ ጣሪያ ላይ ሙሉ ነው፤ ታዲያ ሻወሩ ለምን ይደክማል?

ታንከሩ ስለሞላ አይደለም ውሃ የሚገፋው፤ ከፍ ስላለ ነው። የታንከር ግፊት የሚለካው በከፍታ ብቻ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ይሰጣል። 500 ሊትርም ይሁን 5,000 ሊትር በዚህ ረገድ ልዩነት የለውም።

እስቲ እናስላ። ከታንከሩ የውሃ ወለል እስከ ሻወሩ ራስ 3 ሜትር ከሆነ ግፊቱ 0.3 ባር ነው። ምቹ ካልነው 2 ባር ስንት እጅ እንደሚያንስ አያችሁ። ለዚህ ነው ምድር ቤት ያለው ቧንቧ በደንብ ሲፈስ ላይኛው ፎቅ ያለው የሚያለቅሰው። ታንከሩን 1 ሜትር ከፍ ማድረግ 0.1 ባር ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል፤ 0.3 ለነበረው ግን ሲሶ ጭማሪ ነው። ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ማቆሚያው ክብደቱን ይችል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው። ጣሪያችሁ ላይ መኪና እንደማቆም በሉት።

ግፊቱ እንዲህ ትንሽ ሲሆን መስመሩ መስፋት አለበት። ከታንከር የሚወርደው መስመር ባለ ግማሽ ኢንች ሆኖ ባይ ልቤ ያዝናል። ባለ ሦስት ሩብ ኢንች መስመር ውሃ የሚያልፍበት የቀዳዳው የወለል ስፋት የግማሽ ኢንቹ 2.25 እጥፍ ነው። እኔ ብሆን ከታንከሩ ባለ 1 ኢንች አውርጄ ቤት ውስጥ ሲገባ አጠበዋለሁ። ክርኖቹንም (መታጠፊያዎቹን) እቀንሳለሁ። እያንዳንዱ ባለ 90 ዲግሪ ክርን ከዚያች ትንሽ ግፊት ላይ ይወስዳል።

ዕቃ ስትገዙም በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ ሻወር ምረጡ። ያ ትልቅ ሰሃን የሚያክል የዝናብ ሻወር በ0.3 ባር አይዘንብም።

ሌሎች ትናንሽ ምክንያቶች አሉ። ከታንከሩ ሥር ያለው ደለል መውጫውን ይይዛል። ክዳኑ በጣም ጥብቅ ከሆነና ማስተንፈሻ ከሌለው አየር አይገባም፤ ውሃውም መውረድ ያቅተዋል። ሻወሩን ከፍታችሁ ክዳኑን ላላ አድርጉት። ኃይሉ ከጨመረ ምክንያቱን አገኛችሁ። ማስተንፈሻ ስታበጁለት ትንኝ እንዳይገባ በወንፊት ሸፍኑት።

“መስመሩ አየር ይዟል” የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በተለይ ከታንከር በሚወርድ መስመር። ታንከሩ ባዶ ሆኖ ሲሞላ አየር ይገባል። መስመሩ ወጣ ብሎ የሚወርድበት ጉብታ ካለው አየሩ እዚያ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ትንሿ ግፊት ደግሞ ልትገፋው አትችልም። ምልክቱ ቧንቧው እየተፋ፣ እየተቆራረጠ መምጣቱ ወይም ጭራሽ መድረቁ ነው።

ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ከታችኛው ጀምራችሁ ክፈቱና ለጥቂት ደቂቃ ይፍሰስ። ብዙ ጊዜ ይበቃል። እምቢ ካለ ከመንገዱ መስመር (ከውሃ አቅራቢው መስመር) በቀጥታ የሚመጣ ጠንካራ ቧንቧ ካላችሁ፣ ንጹሕ ቱቦ ከእሱ ወደ ደረቀው ቧንቧ አገናኙ። መጀመሪያ የደረቀውን፣ ከዚያ ጠንካራውን ክፈቱ። ውሃው አየሩን ወደ ታንከሩ ይመልሰዋል። ከአንድ ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። ቱቦውንም ወዲያው ንቀሉ፤ የታንከር ውሃና የመንገድ ውሃ ተገናኝተው መቆየት የለባቸውም።

አየሩ በየሳምንቱ የሚመለስ ከሆነ የመስመሩ አወጣጥ ላይ ስህተት አለ። ጉብታው መስተካከል ወይም እዚያ ጫፍ ላይ አየር ማስወጫ መግባት አለበት።

ፓምፕ ልግዛ?

ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እኔ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይሁን እላለሁ። የታነቀ መስመር ላይ ፓምፕ ማሰር የተዘጋ በር በጉልበት እንደመግፋት ነው። ድምፁ ይበዛል፣ የመብራቱ ሒሳብ ይበዛል፣ ያረጁት መጋጠሚያዎችም አንድ በአንድ ማፍሰስ ይጀምራሉ። ውሃው ግን ያው ነው።

መንገዱ ንጹሕ ሆኖ ኃይሉ ብቻ ካነሰ ፓምፕ ትክክለኛ መልስ ነው። ለጣሪያ ታንከር ትንሿ ፓምፕ ታንከሩና ሻወሩ መካከል ትገባለች። ውሃ ሲንቀሳቀስ ራሷ የምትነሳ ዓይነት አለች። ያለ ውሃ ስትሽከረከር ትቃጠላለችና ታንከሩ ሲያልቅ የሚያጠፋት መቆጣጠሪያ ይኑራት።

የማልስማማበት አንድ አሠራር አለ፦ ፓምፑን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ላይ ማሰር። ብዙ ቦታ ክልክል ነው፤ ክልከላውም ምክንያት አለው። ፓምፑ ሲስብ የመስመሩ ግፊት ከውጭው ሊያንስ ይችላል። ያን ጊዜ መስመሩ ላይ ስንጥቅ ካለ በእሱ በኩል ውሃው መውጣቱን ትቶ፣ መሬት ውስጥ ያለው ቆሻሻ ወደ መስመሩ ይሳባል። ያንን እናንተም ጎረቤትም ትጠጡታላችሁ። ትክክለኛው መንገድ ውሃው በራሱ ኃይል፣ ሌሊትም ቢሆን፣ መሬት ላይ ያለ ታንከር ይሙላ፤ ፓምፑ ከታንከሩ ይሳብ።

ፓምፕ አለኝ፤ ግን በየሰከንዱ ይነሳል ይጠፋል። ውሃውም ይወዛወዛል።

ከፓምፑ አጠገብ ያለችው የግፊት ጋን አየሯን ጨርሳለች። ውስጧ በጎማ የተለየ አየርና ውሃ አለ። አየሩ ነው እንደ ትራስ ውሃውን የሚገፋው። ትራሱ ሲያልቅ ፓምፑ ዕረፍት ያጣል።

መብራቱን አጥፉ፣ ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃውን አስወጡ፣ ከዚያ በጎማ ነፊዎች መለኪያ አየሩን ለኩ። ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት 0.2 ባር ዝቅ ማለት አለበት። በ1.4 ባር የሚነሳ ከሆነ አየሩ 1.2 ይሁን። በመኪና ጎማ መንፊያ ይሞላል። ከአየሩ ቀዳዳ ውሃ ከወጣ ግን ጎማው ተቀዷል።

የሚያፈስ ቦታ እንዳለ በምን አውቃለሁ?

ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ። ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ተሽከርካሪ ምልክት እዩ። እየዞረች ከሆነ ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። የማትታይ ከሆነ ቁጥሩን ጻፉና ማንም ሳይከፍት ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ አንብቡ። ተለውጦ ካገኛችሁት ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ቫልቭ ዘግታችሁ ድገሙት። ያኔ ከቆመ ፍሳሹ ከቫልቩ ወዲህ፣ በእናንተ በኩል ነው።

በጣም የተለመደው ሌባ ሽንት ቤት ነው። ድምፅ የለውም። የውሃ መያዣው ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨምሩና ሳትለቁት ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ጎማው አልዘጋም።

የምትንጠባጠብ ቧንቧ ግፊት አትቀንስም፤ ግን በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን 20 ሊትር ገደማ ነው። መሬት ውስጥ የፈነዳ መስመር ግን ግፊቱን ራሱ ይበላል። ደረቅ ወቅት ላይ ያለ ምክንያት የለመለመ ወይም የረጠበ የግቢ ጥግ ካያችሁ እዚያ ቆፍሩ።

መስመሩ የድሮ ብረት ነው። ማጽዳት ይቻላል?

ከልብ የሚጸዳ አይደለም። የዚንክ ሽፋኑ ሲያልቅ ብረቱ ከውስጥ መዛግ ይጀምራል፤ ዝገቱም እየተደራረበ ያብጣል። ውስጡ 15 ሚሊሜትር የነበረ መስመር ዙሪያውን 3 ሚሊሜትር ዝገት ቢይዝ የሚቀረው 9 ሚሊሜትር ነው። በዚያ የሚያልፈው ውሃ ከበፊቱ ሩብ ገደማ ይሆናል። ዝገቱ ሻካራ ስለሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ጠዋት መጀመሪያ ስትከፍቱ ቡናማ ውሃ ከወጣና ቆይቶ ከጠራ ዝገቱ የራሳችሁ መስመር ላይ ነው። አሲድ አፍስሱበት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሸኙት። የምትጠጡበት መስመር ነው፤ ዝገቱ ደፍኖ የያዘው ቀዳዳም ካለ አሲዱ ይከፍተዋል።

ሁሉንም በአንዴ ለመለወጥ አቅም ከሌለ ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባው ዋና መስመር ይቅደም። ግድግዳ ሳይፈርስ ትልቁ ለውጥ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ከበፊቱ ይብስብኛል። ለምን?

ባዶ የነበረው መስመር ሲሞላ አየርና ደለል እየገፋ ይመጣል። ውሃው እንደተመለሰ መጀመሪያ ወንፊት የሌለውን የግቢ ቧንቧ ክፈቱ። እስኪጠራ ይፍሰስ፤ ለአትክልት ወይም ለወለል ይሆናል። ሻወሩንና የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን መጨረሻ ላይ። በዚህች ልማድ ብቻ ወንፊት ማጠብ በግማሽ ቀንሶልኛል።

ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ “ውሃ የለም” ይላል፤ ውሃ ግን አለ።

ከኋላው ቱቦው የሚታሰርበት ቦታ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች። ውሃውን ዘግታችሁ፣ ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ወንፊቷን በፒንሳ ሳብ አድርጋችሁ እጠቧት። ከታንከር የሚጠቀም ከሆነ የማሽኑን መመሪያ እዩ፤ ከግማሽ ባር በታች የማይቀበሉ ብዙ ናቸው።

ሁሉንም አስተካክዬ ግፊቱ አሁን በዛ። ቧንቧ ስዘጋ መስመሩ ይንኳኳል።

ደካማ ውሃ ለምዶ ለኖረ ሰው ደስ ይላል፤ ግን አትተዉት። የሚሮጥ ውሃ ድንገት ሲቆም ግድግዳው ውስጥ እንደ መዶሻ ይመታል። ማሽኑና የሽንት ቤቱ መሙያ ቶሎ ስለሚዘጉ ድምፁ የሚሰማው በነሱ ጊዜ ነው። ግፊቱን ለኩ። ከ5.5 ባር ካለፈ ከቆጣሪው በኋላ ግፊት መቀነሻ ይግባ። ሌሊትም ለኩት፤ ሰፈሩ ሲተኛ ነው ከፍ የሚለው። ግፊቱ ልከኛ ሆኖ የሚንኳኳ ከሆነ መስመሩ ግድግዳው ላይ በደንብ አልታሰረ ይሆናል። እሱ አንድ ማሰሪያና ሁለት ብሎን ነው።